ካራማራን የወጡ፣ ያልተዘመረላቸው ሞተሮች

ስለ አሜሪካ የድሮ ጉልበተኛ መኪናዎች ወሬ ሲነሳ የሚጠሩት ስሞች ጥቂት ናቸው፦ ፎርድ ሙስታንግ፣ ዶጅ ቻርጀር፣ ሼቭሮሌ ካማሮ። አሜሪካውያን «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት ነው። ከጎናቸው የነበሩት ቡዊክ ጂኤስ፣ መርኩሪ ሳይክሎንና የኤኤምሲ መኪናዎች በጉልበት ሳያንሱ በስም አንሰው ቀርተዋል። የአድናቂዎች የዘወትር ክርክርም «ክብሩን የተነፈገው የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከዲትሮይት ይልቅ ጅግጅጋ የተሻለ መልስ አላት።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወርደው መንገድ የካራማራን ተራራ በማርዳ በር በኩል ያቋርጣል። በዚያ ጠባብ በር በ50 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ጦርነቶች አልፈዋል። የ1928ቱ የፋሺስት ወረራ፣ የ1933ቱ የነፃነት ዘመቻና የ1970ው የሶማሊያ ጦርነት። ሦስቱን ጦርነቶች የሚያገናኝ፣ በታሪክ መጻሕፍት ግን እምብዛም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። በሦስቱም ጊዜ አሜሪካ ሠራሽ ወይም ከአሜሪካ የተወለደ የቤንዚን ሞተር ከተዋጊዎቹ ጋር ነበር። በሦስቱም ጊዜ ደግሞ ውጤቱን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ቤንዚኑንና መለዋወጫውን በእጁ የያዘው ማን ነው የሚለው ነበር።

የጅግጅጋ መንገድ ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ የመኪና ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዛሬ ጥያቄም ይሆናል።

■ የብዙኃኑ ስምንት ሲሊንደር

የጡንቸኛ መኪና ቀመር ቀላል ነው። ትልቅ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ይወሰድና በመካከለኛ፣ ዋጋው በማይከብድ መኪና ውስጥ ይገጠማል። ብዙዎች የዚህን ቀመር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከመጣው ከፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራሉ። ሥሩ ግን ከዚያ 32 ዓመት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሄንሪ ፎርድ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ለተራው ሰው አቀረበ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሞተር እንደ ካዲላክ ባሉ የባለጸጋ መኪናዎች ላይ ነበር በብዛት የሚታየው። የፎርድ መሐንዲሶች ያሳኩት ዋና ነገር ሙሉውን የሞተር ብሎክ በአንድ ጊዜ በአንድ ቅርጽ ማቅለጥና ማፍሰስ ነው። በዚህም ዋጋው ወረደ፤ መነሻ ሞዴሉ ከ500 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። የሞተሩ ይዘት 3.6 ሊትር፣ ጉልበቱ መጀመሪያ 65 የፈረስ ጉልበት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደግሞ 85 ደረሰ። ለዛሬ ጆሮ ትንሽ ነው፤ በዘመኑ ግን በዚያ ዋጋ የሚስተካከለው አልነበረም።

ሞተሩ አንድ የታወቀ ችግር ነበረበት። የተቃጠለው ጭስ ወደ ውጭ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣው ውሃ መካከል አልፎ ስለነበር ውሃው ቶሎ ይፈላል። በሚሺጋን ብርድ ይህ ችግር ይቻላል። በኦጋዴን ሜዳ ግን አሽከርካሪው ከቤንዚኑ እኩል የራዲያተር ውሃ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ከጅግጅጋ በስተደቡብ ያለው መንገድ ጉድጓድ ከጉድጓድ እየተከተለ የሄደው ለግመሉ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሞተሩም የሚጠማ ፍጡር ነበር።

■ 1928 ፦ የጭነት መኪና መሣሪያ ነው ወይስ ዕቃ?

ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የደቡቡን ግንባር የመራው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ከእርሱ ፊት ለፊት መቀመጫቸውን ጅግጅጋ ያደረጉት የሐረርጌው ገዥ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ተሰልፈዋል፤ አማካሪያቸው ቱርካዊው ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ነበር። ግራዚያኒ ከሞቃዲሾ ተነስቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ደረቅ ሜዳ ማቋረጥ ነበረበት። ያን ሁሉ ርቀት በእግረኛና በግመል ብቻ መግፋት እንደማይችል ስለገባው ጦሩን በጎማ ላይ ሊያስቀምጥ ወሰነ። ለዚህም ከአሜሪካ የተገዙ የጭነት መኪናዎችና የካተርፒላር ትራክተሮችን አሰለፈ።

ከዋሽንግተን የሚመጣው ፍርድ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር የሚሠራው። የአሜሪካ ምክር ቤት በነሐሴ 1927 የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ሕጉ ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጠመንጃውን፣ መድፉንና አውሮፕላኑን ራሷ የምትሠራው ጣሊያን ምንም አልጎደለባትም። መሣሪያ ከውጭ ካልገዛች የማታገኘው ኢትዮጵያ ናት የተመታችው። ጣሊያን ከአሜሪካ የምትፈልገው ነዳጅ፣ የጭነት መኪናና ትራክተር ነበር፤ እነዚህ ደግሞ በሕጉ «የጦር መሣሪያ» ተብለው አልተጻፉም።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ኸል ይህን ቀዳዳ አይተውታል። በኅዳር 1928 ባወጡት መግለጫ ነዳጅን፣ መዳብን፣ የጭነት መኪናን፣ ትራክተርንና ቁርጥራጭ ብረትን በስም ጠርተው፣ እነዚህን ለጦርነት በገፍ መሸጥ ከገለልተኝነት መንፈስ ጋር እንደማይሄድ ተናገሩ። መግለጫው ልመና እንጂ ሕግ አልነበረም። «የሞራል ዕቀባ» የሚለው ስም የወጣለትም ለዚህ ነው። ሻጩ ሸጠ፤ ገዢውም ገዛ።

የኢትዮጵያ ወታደር በኦጋዴን ዝም ብሎ አልተሸነፈም። በጎራሄ አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአውሮፕላን ቦምብ ቆስለው እስከ መጨረሻው ምሽጋቸውን ሳይለቁ ወደቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ወደ ሰሜን የገፋው የጣሊያን ተንቀሳቃሽ ጦር አናሌ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር ተፋጥጦ ታንኮቹን አጥቷል። በጃናጎቦ ደግሞ ወታደሮች በዋሻና በጉድጓድ ሆነው ተዋግተዋል። ግን ከሰማይ የመርዝ ጋዝ፣ ከመሬት የማያቋርጥ የጭነት መኪና ሰልፍ ይመጣ ነበር። በሚያዝያ 1928 የጣለው ዝናብ የግራዚያኒን መኪናዎች በጭቃ አስይዞ ጥቂት ጊዜ ገዛ እንጂ አላስቀራቸውም። በዚያው ወር ማገባደጃ ደገሃቡር፣ ጅግጅጋና ሐረር ተከታትለው ወደቁ።

የዚያ ግንባር ታሪክ ሲነገር ጋዙና አውሮፕላኑ ይነሳሉ፤ መነሳትም አለባቸው። የጭነት መኪናው ግን ይረሳል። ጋዝ የተጣለበትን ምሽግ ሄዶ የሚይዘው እግረኛ ውሃና ጥይት ካልደረሰው የትም አይሄድም። ውሃውንና ጥይቱን ያደረሰው ደግሞ ያ በሕግ «መሣሪያ አይደለም» የተባለው መኪና ነው።

■ 1933 ፦ መንገዱ ዞሮ የሠሪውን ጠላት አመጣ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘባቸው ዓመታት ከሞቃዲሾ እስከ ጅግጅጋና ሐረር የሚደርስ ሰፊ መንገድ ሠራ። «የንጉሠ ነገሥት መንገድ» ብሎ ሰየመው። ግዛቱን ለዘላለም ለማሰር የተሠራ መንገድ ነበር። ዘላለሙ አምስት ዓመት ብቻ ሆነ።

በየካቲት 1933 የጄኔራል አለን ካኒንግሃም ጦር ሞቃዲሾን ያዘ። በከተማዋ ያገኘው ትልቁ ምርኮ ጣሊያኖቹ ሳያቃጥሉት የሸሹት ወደ 350,000 ጋሎን የሚጠጋ የመኪና ቤንዚን ነበር። ያ ቤንዚን ባይኖር ኖሮ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚያ ፍጥነት ባልሆነ። 23ኛው የናይጄሪያ ብርጌድ በራሱ በጣሊያን መንገድ ላይ ወደ ሰሜን ገሰገሰና መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም ጅግጅጋ ገባ። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በ17 ቀን ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ከተመዘገቡ ፈጣን ወታደራዊ ግስጋሴዎች አንዱ ነው።

ይህን ግስጋሴ የተሸከሙት በብዛት የካናዳና የደቡብ አፍሪካ ፋብሪካዎች የገጣጠሟቸው ፎርድና ሼቭሮሌ የጭነት መኪናዎች ነበሩ። በዚሁ ዘመቻ ከተሰለፉት ብረት ለበሶች መካከል ደግሞ አድናቂ ሊኖረው ሲገባ ያጣ አንድ ተሽከርካሪ አለ፤ ማርሞን ሄሪንግተን ይባላል። ታሪኩ የቀመሩ ሁሉ ማሳያ ነው። ደቡብ አፍሪካ የራሷ የታንክ ፋብሪካ አልነበራትም። ስለዚህ የፎርድን የጭነት መኪና ቻሲ ከነስምንት ሲሊንደር ሞተሩ ከካናዳ አስመጣች፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ዕቃ ከአሜሪካው ማርሞን ሄሪንግተን ገዛች፣ ብረቱን በራሷ ፋብሪካ አቅልጣ አለበሰችው። በጦርነቱ ዓመታት ከ5,000 በላይ ሠርታለች። ተራ ቻሲ፣ ርካሽ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ከላይ ብረት። ዲትሮይት ከ20 ዓመት በኋላ በወጣቶች መኪና ላይ የምትሠራውን ነገር ጦርነት አስቀድሞ ሠርቶት ነበር።

ናይጄሪያውያኑ መጋቢት 12 ቀን ማርዳ በር ላይ ተዋጉ። ተራራው ለተከላካይ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጣሊያኖቹም ምሽግ ሠርተውበት ነበር። ውጊያው የአንድ ቀን ሆነ፤ ሌሊቱን ጣሊያኖቹ ለቀው ሄዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐረር፣ መጋቢት 28 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ተያዘች።

እዚህም የቤንዚኑ ነገር አለ። ከሞቃዲሾ እስከ ጅግጅጋ ቤንዚን የሚያመላልስ መኪና ከሚያደርሰው ብዙውን ራሱ በመንገድ ይጠጣዋል። ጦሩን ያዳነው መጋቢት 7 ቀን በርበራ ከጣሊያን እጅ መውጣቷ ነው። ከዚያ በኋላ ስንቁ በበርበራና በሐርጌሳ በኩል በአጭር መንገድ ወደ ጅግጅጋ ገባ። የሞተሩን ጉልበት ያበዛው ሌላ ሞተር ሳይሆን ወደብ ነው። ዛሬም ከበርበራ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ጅግጅጋ የሚደርሰው የንግድ መስመር ያው የድሮው መስመር ነው።

■ ጂፕ ብቻ ስሙን ተወ

ነፃነቱ ለጅግጅጋ አካባቢ ሙሉ አልነበረም። እንግሊዝ ኦጋዴንን በወታደራዊ አስተዳደር ይዛ ቆየች። ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1937 ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በስዊዝ ቦይ መራራ ሐይቅ ላይ ሲገናኙ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የኦጋዴን ነገር ነበር። ሩዝቬልት በስጦታ ያበረከቱት ወታደራዊ መኪናዎችን ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1945 ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ በኢትዮጵያ ነዳጅ የመፈለግ ውል አገኘና በኦጋዴን ቁፋሮ ጀመረ። የዲፕሎማሲው ብልሃት ግልጽ ነበር። አሜሪካዊ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ወስዶ የሚቆፍርበት መሬት የኢትዮጵያ መሬት መሆኑን ዓለም ይቀበላል ማለት ነው። ኦጋዴን በ1941 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ሐውድና የተከለለው ክልል ደግሞ በየካቲት 1947 ዓ.ም ተመለሱ።

በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ መኪና በምሥራቁ አገር የወታደር፣ የአስተዳዳሪና የነዳጅ ፈላጊ መኪና ሆነ። የነጋዴው መኪና ግን አልሆነም። ነጋዴው በናፍጣ የሚሠራውን የጣሊያን መኪና መረጠ፤ ኋላም ፊያት ኤንትሬ በመላ አገሪቱ ነገሠ። ምክንያቱ ቁጥር ነው። ናፍጣ በሊትር ብዙ ያስኬዳል፤ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ቋንቋው ራሱ ይህን ይመሰክራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጋራዥ የገባ ሰው የሚሰማው ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ። ከአሜሪካ የመጣና ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመኪና ቃል ቢፈለግ ከጂፕ ሌላ ብዙ አይገኝም። የአሜሪካ ሞተር በጅግጅጋ መንገድ ሦስት ጊዜ ታሪክ ሠርቶ በጋራዡ ቋንቋ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ያልተዘመረለት ማለት ይኸው ነው።

■ ቤንዚን የገለበጠው ዘመን

በግንቦት 1945 ዓ.ም ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያን አገኘች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያና ሥልጠና። ከዚያ በኋላ ከመጡት ተሽከርካሪዎች መካከል ኤም 41 ታንክ ዋነኛው ነው። ስሙ ዎከር ቡልዶግ ይባላል፤ በኮሪያ ጦርነት የስምንተኛውን ጦር ሲመሩ በጂፕ አደጋ ከሞቱት ከጄኔራል ዋልተን ዎከር የተወሰደ ነው።

ከታንኮች መካከል «ጡንቸኛ መኪና» ተብሎ የሚጠራ ቢኖር ኤም 41 ነው። ክብደቱ 23 ቶን ገደማ፣ ሞተሩ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር፣ ፍጥነቱ በጥሩ መንገድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቀላል አካል፣ ትልቅ ሞተር። ታላቅ ወንድሙ ኤም 47 ደግሞ 46 ቶን የሚመዝን፣ 810 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ12 ሲሊንደር ነበር። ሁለቱም አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣሉ። ኤም 47 ወደ 880 ሊትር ቤንዚን ሞልቶ የሚጓዘው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሐረር እስከ ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታንኩ በአንድ ሙሌት ሐረር ተነስቶ ጅግጅጋ ይደርሳል፤ ለመመለስ ግን ሌላ ቤንዚን የሚያመጣለት ይፈልጋል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። በአሜሪካ የጡንቸኛ መኪናዎችን ዘመን ከዘጉት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነው፤ የጭስ ቁጥጥር ሕግና የኢንሹራንስ ዋጋ ሲጫኗቸው ቆይተው ነበር፤ የቤንዚን ሰልፉ ጨረሳቸው። ያው ቀውስ አዲስ አበባ ሲደርስ የገለበጠው መኪናን ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወታደሮች ተከተሉ። በአዲሱ ዓመት መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዲትሮይት ውስጥ ጡንቸኛ መኪናዎችን የጎዳው የነዳጅ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ ለአብዮቱ ክብሪት ሆነ።

አብዮቱም ዞሮ ጅግጅጋ ደረሰ። በ1969 ዓ.ም የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ዕርዳታውን ቀነሰ። ደርግ ደግሞ ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን እንዲዘጉ አዘዘ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የኢትዮጵያ ጦር በታሪኩ ትልቁን የታንክ ጦርነት የገጠመው የታንኩ ፋብሪካ በሩን በዘጋበት ወቅት ነው።

የዚያድ ባሬ ጦር ታንኮች ሶቪየት ሠራሽ፣ በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ፤ ቲ 55 በአንድ ሙሌት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በሰፊው የጅግጅጋ ሜዳ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሆኖም ጅግጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ የወደቀችው በታንክ ልዩነት ብቻ አይደለም። በካራማራ አናት የነበረው አሜሪካ ሠራሽ ራዳር መታጣቱ፣ በጦሩ ውስጥ የተነሳው አመፅ፣ የአዛዦች መፈራራት፣ የቁጥር ማነስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ መሣሪያ ደካማ ነበር ማለትም አይቻልም። በዚያው ክረምት ኤፍ 5 የተባለው ትንሽ የአሜሪካ ተዋጊ ጄት በኢትዮጵያ አብራሪዎች እጅ የሶማሊያን ሚግ 21 በሰማይ ላይ አሸንፏል። አውሮፕላኑም በገዛ አገሩ ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው፣ «ለወዳጅ አገሮች የሚላክ» ተብሎ የሚታይ ነበር። በኦጋዴን ሰማይ ግን ማንነቱን አሳየ።

እነዚህን መሣሪያዎች በሕይወት ያቆየው መለዋወጫ ከዋሽንግተን አልመጣም። ከፊሉ የመጣው ከእስራኤል ነው፤ ይህንንም የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በጥር 1970 በአደባባይ ሲናገሩት ነገሩ ፈነዳ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ግንኙነቱን አቋረጡ። አንዲት ሶሻሊስት ነኝ የምትል አገር የአሜሪካ ታንኳን የምታስጠግነው በእስራኤል ዕቃ፣ የምትዋጋው ደግሞ ሶቪየት ካስታጠቀው ጦር ጋር ነበር። ሞተር ርዕዮተ ዓለም አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚገጥምለትን ዕቃ ነው።

የቀረው የታወቀ ነው። የሶቪየት አውሮፕላኖች ከኅዳር ጀምሮ ታንክና መድፍ አራገፉ፤ የኩባ ወታደሮች መጡ። የማርዳ በር ፊት ለፊት አልተሰበረም፤ ጦሩ በሰሜን በኩል ዞረበት፤ ሄሊኮፕተሮችም ከተራራው ጀርባ ብረት ለበስ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ጅግጅጋ ነፃ ወጣች፤ ቀኑ እስከ ዛሬ የካራማራ ድል ተብሎ ይታሰባል። ኤም 41ና ኤም 47 ከዚያ በኋላ ከታሪክ ጠርዝ ወጡ። የድሉ ምስል ቲ 55ን ያሳያል፤ ከዚያ በፊት ጦርነቱን ለወራት የተሸከሙት የቤንዚን ታንኮች ግን በሽንፈቱ በኩል ተጽፈው ቀሩ።

■ ለምን አልተዘመረላቸውም?

አንደኛው ምክንያት ከማን ጋር እንደመጡ ነው። መጀመሪያ ከወራሪ ጋር መጡ፤ ቀጥሎ ነፃ አውጥቶ በዚያው ከተቀመጠ አስተዳዳሪ ጋር፤ በመጨረሻም ከዘውዱ ጋር መጥተው በደርግ እጅ አረጁ። የራሴ የሚላቸው ወገን አላገኙም። ለጅግጅጋ ነዋሪ ደግሞ እያንዳንዱ ሞተር ሌላ ባለሥልጣን፣ ሌላ ኬላ፣ ሌላ ሸሽቶ የመሄድ ቀን ማለት ነበር። በከተማዋ ዙሪያ የሚኖረው አርብቶ አደር በሦስቱም ጦርነቶች ግመሉን፣ ጉድጓዱንና ሰውን አጥቷል። እንዲህ ያለውን ማሽን ማንም በዘፈን አያነሳውም፤ አለማንሳቱም ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የታሪክ አጻጻፍ ልማድ ነው። ጦርነት ሲተረክ ጄኔራሉ፣ ጀግናውና ትልቁ መድፍ ይነሳሉ። ውሃ የፈላበትን ራዲያተር ይዞ ሌሊቱን የነዳው ሾፌር፣ ረዳቱ፣ የካርቡሬተር አቧራ ያራገፈው መካኒክ ስማቸው አይጻፍም። በ1933 ከሞቃዲሾ ጅግጅጋ በ17 ቀን የተደረሰው በእነርሱ ነው። በ1928 የጣሊያን ስንቅ ያልተቋረጠውም በእነርሱ ብጤዎች ነው። ሞተሩ ሲረሳ አብረው የተረሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

■ ዛሬ ማን ይዞታል?

በጅግጅጋ መንገድ ዛሬ የአሜሪካ ሞተር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። መንገዱን የያዙት የጃፓን ቶዮታ፣ አይሱዙና የቻይና ሲኖትራክ ናቸው። ያሸነፉት በጉልበት አይደለም፤ መለዋወጫቸው በየከተማው ስለሚገኝና ማንም መካኒክ ስለሚያውቃቸው ነው። ከበርበራ በሐርጌሳ የሚመጣው የዕቃ መስመር፣ ሕጋዊውም ሕገ ወጡም፣ እዚያ ያሉትን መኪናዎች በመንገድ ላይ ያቆያቸዋል።

በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደወሰነ አስታወቀ፤ ከእንግዲህ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ለውሳኔው ምክንያት አለው። አገሪቱ ነዳጅ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን ከራሷ ወንዝ ታመነጫለች። በ1928፣ በ1933ና በ1966 ቤንዚን ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ሰው ይህን ሐሳብ ለማጣጣል አይቸኩልም።

ግን ያው ታሪክ ሌላ ጥያቄም ያስነሳል። ቤንዚኑን መተው አንዱ ነገር ነው፤ ባትሪውን፣ ሶፍትዌሩንና መለዋወጫውን ከአንድ አገር ብቻ መጠበቅ ሌላ ነው። ኤም 41 በሚያዝያ 1969 ዓ.ም የነበረው 500 የፈረስ ጉልበት በሚያዝያ 16ም ቀን ያው 500 ነበር። ሞተሩ አልደከመም፤ የተቀየረው ዕቃ የሚልክለት ሰው ነው። ዛሬ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሲያረጅ ማን ይጠግነዋል? መካኒኩስ የት ሠለጠነ? ጥያቄው ስለ መኪናው ጥራት አይደለም፤ ዕቃው ሲጠፋ አገር ውስጥ መልስ ያለው ሰው አለ ወይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ1930ዎቹ የታንክ ፋብሪካ አልነበራትም። የሰው ቻሲና የሰው ሞተር ወስዳ፣ ብረቱን ግን ራሷ አቅልጣ፣ መገጣጠሙንም ራሷ ተምራ ከ5,000 በላይ ብረት ለበስ ሠራች። ሁሉንም ነገር ራሷ አልሠራችም። ቁርጥ ያለው ነገር ግን በእጇ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ ሙሉውን ተቀብላ ሙሉውን አጣች፤ መጀመሪያ በገለልተኝነት ሕግ፣ ቀጥሎ በኬላ መዘጋት።

ያልተዘመረላቸው ሞተሮች የሚያስተምሩት ይህን ነው። ጡንቻ በሲሊንደር ቁጥር አይለካም። ሞተሩ ሲቆም መልሶ የሚያስነሳው እጅ የማን ነው? የካራማራ ዳገት ሦስት ጊዜ ይህን ጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ መልሱን ከውጭ ነው የሰማው። አራተኛው ጊዜ ሲመጣ፣ በሰላም ቀን ይሁንና፣ መልሱ ከጅግጅጋ ጋራዥ ቢመጣ ይሻላል።